ከሸራው ጀርባ ሰባት ፊደል

መሮዎቼ በከረጢት ውስጥ እየተንቃጨሉ፣ ለበዓሉ የገዛሁት አዲስ ጫማ ተረከዜን እየላጠኝ፣ ባንዲራ በተንጠለጠለበት አውራ ጎዳና ላይ ሽቅብ እሮጣለሁ። በኔ ዕድሜ ያለ ሰው አይሮጥም። እኔ ግን በዚያ ጠዋት ሁለት የፈረስ ጋሪዎች ቀድሜያለሁ። አንደኛው ቆሞ ነበር የሚሉ አሉ፤ ይበሉ። ከኋላዬ የሥራ ባልደረባዬ ጭምቱ በተተኮሰ ኮቱ እያለከለከ ይከተላል።

ፀጉር አስተካካዩ ከደጁ ላይ ሆኖ ሲያየን ምላጩን ወደ ላይ አነሳ።

«ወዴት ነው እንዲህ፣ መድፉ? ጦርነቱ እኮ ካለቀ አሥር ዓመቱ ነው!»

«ለኔ ገና ዛሬ መጀመሩ ነው!» አልኩት ሳልቆም።

መድፉ የሚሉኝ ከአፌ ትንሽ ነገር ስለማይወጣ ነው። ሙያዬ ግን ድንጋይ ነው፤ ፊደል ቀራጭ ነኝ። ያን ዓመት ከተማው ጦርነቱ ያለቀበትን አሥረኛ ዓመት ለማሰብ በባቡር ጣቢያው አደባባይ ላይ አምስት ሰሌዳ ያለው ግራጫ የድንጋይ ግንብ አቁሞ ነበር። የሺህ አንድ መቶ አርባ ሟቾች ስም አለበት። መጠጥ ቤት ሳወራ ሦስት ሺህ ነው የምለው፤ ይሄ የጽሑፍ ነገር ስለሆነ ልክ ልኩን አስቀምጣለሁ። እነዚያን ስሞች እኔና ጭምቱ ለአሥራ አንድ ወር ጎን ለጎን ቆመን ቀረጽናቸው። ከጨረስን በኋላ ግንቡ በሸራ ተሸፈነ፣ ጠባቂ ቆመለት። በመታሰቢያው ቀን፣ ልክ በአምስት ሰዓት፣ ጄኔራሉ ገመዱን ስበው ይገልጡታል ተባለ።

ያ ቀን ደረሰ። ሦስት ሰዓት ሊሞላ ጥቂት ሲቀረው መስተዋት ፊት ቆሜ ከረባቴን ሳስር ጭምቱ ሊወስደኝ መጣ። ኮፍያውን በእጁ እያዞረ በሩ ላይ ቆመ። በዓመት አሥር ዓረፍተ ነገር የሚናገር ሰው ነው፤ ከአሥሩ አንዱን እዚያው አወጣው።

«ቆንጆ አድርገህ ጻፍከው?»

«ምኑን?»

«የሳቸውን ልጅ።» በአገጩ ወደ ውስጥ፣ ወደ አማቴ ጠቆመ።

«አንተ አይደለህ እንዴ የጻፍከው?»

«አንተ ‹ራሴ ነኝ የምጽፈው› ስትል ነበር።»

«ለወሬ ነዋ ያልኩት!»

«እኔ ምን አውቃለሁ፣» አለ ጭምቱ ፊቱ አመድ መስሎ። «ከተማው ሁሉ ሰምቷል።»

ነገሩ እንዲህ ነው። በኛ ሙያ የዘመድህን ስም በገዛ እጅህ አትቀርጽም። እጅ ይንቀጠቀጣል፣ ድንጋይ ደግሞ ይቅርታ አያውቅም። ቦታውን ለክተህ፣ መስመሩን አስምረህ፣ ባዶውን ትተህ ታልፋለህ፤ ባልደረባህ መጥቶ ይሞላዋል። የሚስቴ ወንድም ስም ላይ ስደርስ እኔም እንደ ደንቡ ትቼ አለፍኩ። ማታ ማታ ግን በየመጠጥ ቤቱ «የሱን ስም ማንም አይነካብኝም፤ ደንቡን ጥሼ በዚች እጄ ነው የምጽፈው!» እያልኩ ጠረጴዛ ስደበድብ ከረምኩ። ጭምቱ ሰምቶ አመነኝ። ደግሞ አልጠየቀኝም። እኔ ከመጠን በላይ ስናገር፣ እሱ ከመጠን በታች ሲናገር፣ በሁለታችን መሃል ሰውየው ባዶ ቦታ ሆኖ ቀረ።

ሁለታችንም ዞረን ወደ ውስጥ አየን። አማቴ ጎህ ሳይቀድ ጀምረው ጥቁር ሻላቸውን ለብሰው፣ እጃቸውን ጉልበታቸው ላይ አድርገው፣ ወንበር ላይ ተቀምጠዋል። ዓይናቸውን ሞራ ከሸፈነው አራት ዓመት ሆኗል። ፊደልም ቆጥረው አያውቁም። ባለፈው ክረምት ግን በትንሽ ድንጋይ ላይ የልጃቸውን ስም ከነአባቱ ቀርጬ ሰጠኋቸው፤ ጭናቸው ላይ አስቀምጠው በጣታቸው ሲዳብሱት ከረሙ። አራት ፊደል የልጁ፣ ሦስት ፊደል የአባቱ። በሰባት ፊደል ብቻ የተመረቁ ሊቅ ናቸው ብል አላጋነንኩም። የልጃቸው አስከሬን አልመጣም፤ መቃብሩ የት እንዳለ የሚያውቅ የለም። በዚያ ቀን የሚፈልጉት አንድ ነገር ነበር፤ ያን ድንጋይ መንካት። እኔም ዓይኔን በጨው አጥቤ፣ «ሦስተኛው ሰሌዳ፣ ስድስተኛው መስመር፣ በደረትዎ ትክክል። ከሁሉም እንደሱ ያማረ የለም!» ስላቸው ነበር።

«ማነው እሱ? ጭምቱ ነው?» አሉ አማቴ ከወንበራቸው።

«ነኝ እማማ፣» አለ ድምፁ ተሰብሮ።

ባለቤቴ የእናቷን ጫማ ይዛ ከጓዳ ወጣች። አየችን። እሷ ሰው ስታይ እስከ ኪሱ ድረስ ነው።

«ምን ሆናችኋል?»

«ምንም። ጄኔራሉ አስቀድመው ሊያዩኝ ፈልገዋል።»

«አንተን? ምን ሊያደርጉህ?»

ከረጢቴን አነሳሁና እግሬ አውጪኝ አልኩ።

«እኔና እማዬ ከአምስት ሰዓት በፊት እዚያ ነን!» ስትል ከኋላዬ ሰማኋት።

መንገድ ላይ ጭምቱ፣ «ሌላ ስም ብናስነካቸውስ?» አለኝ።

«ያውቁታል። ከኔ ይበልጥ ያውቁታል።»

አደባባዩ ስንደርስ የጣቢያው ሰዓት ሦስት ተኩል ይላል። አንድ ፊደል ደህና ቀራጭ በግማሽ ሰዓት ያወጣዋል፤ እኔ በሩብ ሰዓት። ይህን ጭምቱም ይመሰክራል። ሰባት ፊደል ማለት ሰባት ሩብ ነው። እስከ አምስት ሰዓት ያለኝ ስድስት ሩብ ብቻ ነበር።

ወታደሮች ገመድ ወጥረዋል፤ ወንበር ይደረደራል፤ የማዘጋጃ ቤቱ የሙዚቃ ጓድ ነሐሱን እየወለወለ ይለማመዳል። ከሸራው ፊት ጠመንጃቸውን ታጥቀው ሁለት ጠባቂዎች ቆመዋል። አንደኛው አንገቱ እንደ ቋሚ እንጨት የደረቀ አስር አለቃ ነው።

«ቁም! ማን ነህ?»

«የድንጋዩ አባት።»

«ድንጋይ አባት የለውም። ማንም እንዳይገባ ታዟል።»

«አስር አለቃ፣» አልኩና ጠጋ አልኩት፤ «የምነግርህ በሁለታችን መሃል ይቅር። ሦስተኛው ሰሌዳ ተሰንጥቋል። ሸራው ሲወርድ ንፋስ ያገኘዋል። ንፋስ ሲያገኘው ይወድቃል። የት? ጄኔራሉ እግር ላይ። አሥራ አራት ኩንታል ነው።»

ኩንታሉ አራት ነው። የጨነቀው እርጉዝ ያገባል፤ እኔ በአሥር ኩንታል ብዋሽ ምን ይገርማል?

«ትእዛዝ የለኝም፣» አለ አስር አለቃው። ግንባሩ ላይ ግን ላብ ብቅ አለ።

«ነገ ‹ማን ነበር የቆመው?› ሲባል ይኖርሃል።»

ጓደኛውን አየ፤ ጓደኛው ሰማይ ሰማይ ያያል። «እኔ ፊቴን ወደ ጣቢያው አዙሬያለሁ፣» አለ በመጨረሻ። «ከኋላዬ የሚሆነውን አላይም። ሻለቃው ሲመጣ እስላለሁ። ያኔ ትንፋሽህን እንዳልሰማ።»

ሸራው ሥር ገባሁ። ጭምቱ ውጭ ቀረ።

ውስጡ እንደ ጭጋግ ያለ ብርሃን ነው። በሸራውና በድንጋዩ መካከል ጎኔን አጥብቤ የምቆምበት ያህል ክፍተት አለ። ሦስተኛው ሰሌዳ፣ ስድስተኛው መስመር። ከግራም ከቀኝም ስሞች ተሰልፈዋል፤ መሃሉ ላይ አንድ ክንድ ያህል ልሙጥ። አንድም ቀን ጥርስ የወለቀበት አፍ አይቼ እንደዚያ አልደነገጥኩም። በጠመኔ ፊደሎቹን ነደፍኩ፣ መሮውን አቀናሁ፣ መዶሻውን አነሳሁ። አነሳሁና ቀረሁ። ብመታ አደባባዩ ሁሉ ይሰማል።

ያን ጊዜ የሙዚቃ ጓዱ የሐዘን ማርሹን ጀመረ። ከበሮው፣ ዱም! እኔም መታሁ። ዱም! መታሁ። በመዶሻና በከበሮ እንዲህ የተግባባ ሰው በታሪክ የለም። ግን ምን ያደርጋል፣ ማርሹ ቀርፋፋ ነው። በሁለት ምት መካከል ሰው ተኝቶ ይነሳል። «ይሄን ከበሮ መቺ ማን ቀጠረው?» እያልኩ ላቤን በከረባቴ ጠረግሁ። የመጀመሪያው ፊደል ሲያልቅ የጣቢያው ሰዓት አራት ሰዓት ደወለ። ሁለት ፊደል መሆን ነበረበት።

ቀጥሎ ፈጣኑን ማርሽ ያዙ። አሁን ደግሞ እጄ አልደርስ አለ። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች ይባላል፤ ድንጋይ ግን ሲፈስ አይለቀምም። ትንፋሼን ይዤ፣ ጥርሴን ነክሼ፣ ሁለተኛውን ጨረስኩ፤ እግሯ ሹል የሆነችውን ሦስተኛዋንም። ድንገት ሙዚቃው ቆመ። እጄ ግን ቀድሞ ወርዶ ነበር።

ቋ!

አስር አለቃው ሳለ። ዘግይቷል።

«ምንድን ነው የሚንኳኳው?» አለ ወፍራም ድምፅ። የበዓሉ አዛዥ ሻለቃው ነው። የጫማው ብረት በንጣፉ ላይ ቀጭ ቀጭ እያለ ቀረበ።

ከዚያ ያልጠበቅኩትን ሰማሁ። ጭምቱ ተናገረ።

«ድንጋዩ ነው ጌታዬ።»

«ድንጋይ ያንኳኳል?»

«ፀሐይ ሲመታው… ይላቀቃል። አዲስ ድንጋይ እንዲህ ነው… ይተነፍሳል።»

ዓይኔን ጨፈንኩ። ሃያ ዓመት ዝም ብሎ የቆየ ሰው የመጀመሪያ ውሸቱን እንዲህ ያወጣል?

«አንተ ማን ነህ?»

«ከቀራጮቹ አንዱ ነኝ።»

«ሸራውን ልየው። ገልጥልኝ አስር አለቃ።»

ጭምቱ ግን፣ «ጌታዬ፣» አለ፤ ድምፁ ሳይታሰብ ከፍ ብሎ። «ስሞቹን በቃሌ አውቃቸዋለሁ። ልበልልዎ?» መልስም አልጠበቀ። ከመጀመሪያው ሰሌዳ አናት ጀምሮ፣ ስም ከነአባት፣ ስም ከነአባት፣ ሳይቸኩል ይጠራ ጀመር። ሻለቃው አምስት ስም ያህል ሰማ። የጫማው ተረከዝ ሲጋጭ ተሰማኝ፤ በተጠንቀቅ ቆሟል። የሞተ ወታደር ስም እየተጠራ «በቃህ» የሚል መኮንን ከወዴት ይመጣል? ወንበር የሚደረድሩት ወታደሮችም ቆሙ። ጭምቱ ሠላሳ፣ አርባ፣ ስልሳ ስም ጠራ። እኔ መዶሻዬን አስቀምጬ መሮውን በእጄ እየገፋሁ፣ እየፋቅሁ፣ አራተኛውን ፊደል ያለ ድምፅ አወጣሁት። መዳፌ ደም ለበሰ። የልጁ ስም አለቀ። የአባቱ ሦስት ፊደል ቀረ።

«ይበቃል ወንድሜ፣» አለ ሻለቃው በመጨረሻ፣ ድምፁ ለስልሶ። ጉሮሮውን ጠረገና ሄደ።

ሩብ ጉዳይ ለአምስት አልሞላም ነበር። አንዱን ጀምሬ እወጣለሁ፣ አንዱን ብቻ፣ ስል አደባባዩ ተንጫጫ። የመኪና ጡሩንባ። አስር አለቃው ሦስት ጊዜ ሳለ፤ ከዚያም ማሳል ትቶ፣ «ቀድመው መጡ!» አለ በሹክሹክታ። «ውጣ!»

በሸራው ቀዳዳ አየሁ። ጄኔራሉ ከመኪናቸው እየወረዱ ነው። ከፊት ወንበሮች ሞልተዋል፤ ከገመዱ ጀርባ ሕዝቡ እስከ ጣቢያው በር ድረስ ጥቁር ለብሶ ቆሟል፤ አሥር ሺህ ሰው ነበር። እሺ፣ አራት ሺህ። በገመዱ ጫፍ ላይ ባለቤቴ አማቴን በክንዳቸው ይዛለች። ብወጣ ሁሉም ያየኛል። ብቀር ደግሞ ሸራው ሲወርድ ያየኛል። ቀረሁ። ቢያንስ እስከዚያው ድረስ እቀርጻለሁ ብዬ።

ጄኔራሉ ንግግር ጀመሩ። «አንረሳቸውም!» አሉ። ሕዝቡ አጨበጨበ። በጭብጨባው ውስጥ አራት ጊዜ መታሁ። «መቼም አንረሳቸውም!» ጭብጨባ። አምስት ጊዜ መታሁ። «አንዳቸውንም አንረሳም!» ስድስት። ሰው በዚያ ቃል ሥር ቆሞ የረሳውን ስም ሲቀጠቅጥ ምን እንደሚሰማው አልናገርም። ንግግሩ ሲያልቅ የአባትየው የመጀመሪያ ፊደል ወጣች። ሁለት ቀረ።

«አሁን የአንድ ደቂቃ የኅሊና ጸሎት።»

አደባባዩ ጭጭ አለ። አራት ሺህ ሰው ትንፋሹን ዋጠ። እኔም መሮዬን ደረቴ ላይ ይዤ ቆምኩ። የድንጋዩ ዱቄት ጉሮሮዬን ይበላኛል፤ ማሳል አማረኝ፣ እንባዬ ወረደ። ሞኙ ሰውነቴ ለማሳል የመረጠው ሰዓት!

በዚያች ደቂቃ የሚስቴ ወንድም ታወሰኝ። ውሸቴን እስከ መጨረሻው የሚሰማኝ እሱ ብቻ ነበር። ሌላው «ተው እንጂ!» ሲል እሱ ክርኑን ጠረጴዛ ላይ አድርጎ፣ «ከዚያስ?» ይለኛል። ሲዘምት ባቡሩ መስኮት ላይ ሆኖ እንኳ አንድ ወሬ ጀምሬለት ነበር፤ ባቡሩ ሳልጨርስ ሄደ። ያ ልጅ እንዲያው በሕይወት ቢኖርና የዛሬውን ባወራለት እላለሁ። አሁንም እላለሁ።

ጡሩንባው ተነፋ። ገመዱ ተሳበ። ሸራው እንደ ሰው ተንፍሶ ከግንቡ ላይ ወረደ፣ ግማሹም ራሴ ላይ።

ከላዬ ስገፈው ፀሐይ ዓይኔን ወጋኝ። ፀጉሬ፣ ቅንድቤ፣ ከረባቴ ነጭ ሆኗል፤ በአንድ እጄ መሮ፣ በአንድ እጄ መዶሻ። የጡሩንባ ነፊው ድምፅ መሃሉ ላይ ተቀነጠሰ። የሻለቃው ፊት በርበሬ መሰለ።

«ይሄ ምንድን ነው?» አሉ ጄኔራሉ።

ዕድሜዬን ሙሉ ለማንኛውም ጥያቄ ሦስት ውሸት በኪሴ ይዤ የምዞር ሰው ነኝ። ፈለግሁ፤ አንድም አጣሁ። አፌን ከፈትኩ፣ ዱቄት ወጣ።

ያን ጊዜ ሕዝቡን የያዘው ገመድ ተነሳ። ዘመዶች እንዲቀርቡ ገና አልተፈቀደም ነበር፤ አማቴ ግን ጡሩንባውን ሰምተው፣ ተገለጠ ማለት ነው ብለው ባለቤቴን እየጎተቱ መጡ። የሚከለክላቸው ወታደር እጁን ዘረጋ፤ መልሶ ሰበሰበው። አማቴ የመጀመሪያውን ሰሌዳ ጠርዝ ዳሰሱ፣ ሁለተኛውን፣ ሦስተኛውን። ከላይ ወደ ታች መስመር ቆጠሩ። ደረታቸው ትክክል ላይ ቆሙ።

ባለቤቴ አየችኝ። ገባት። ከንፈሯ ነጣ።

ጣታቸው የመጀመሪያውን ፊደል አገኘ። ሁለተኛውን። ሦስተኛውን፣ እግሯ ሹል የሆነችውን፤ እዚያ ላይ ፈገግ አሉ። አራተኛውን። አምስተኛውን። ከዚያ ጣታቸው በልሙጡ ላይ ተንሸራተተ። ተመለሱ። በጥፍራቸው ሞከሩ።

«ሁለት ይጎድላል፣» አሉ።

አደባባዩ ላይ ያንን ያልሰማ አልነበረም።

«አልደረስኩም እማማ፣» አልኩ።

«አሥራ አንድ ወር?»

ጭምቱ ከወታደሮቹ መሃል አንድ እርምጃ ወደ ፊት ሲወጣ አየሁ። ጥፋቱን ሊካፈለኝ ነው። ቀደምኩት።

«ረስቼው ነበር፣» አልኩ። «ዛሬ ጠዋት ነው ያወቅሁት። ሁሉንም ጽፌ እሱን ረሳሁት።»

አማቴ ፊታቸውን ወደ ድምፄ አዞሩ። ዓይናቸው አያይም፤ እኔ ግን እንደዚያ ታይቼ አላውቅም።

«አሥር ዓመት ሙሉ፣» አሉ ቀስ ብለው፣ «የመጣው ሁሉ ‹አንረሳውም› ሲለኝ ኖረ። መርዶውን ይዞ የመጣው ደብዳቤም እንደዚያ ይላል። አሁንም ሲሉ ሰማኋቸው። ረሳሁ ያለኝ አንተ ነህ።» እጃቸውን ወደ ድንጋዩ መልሰው፣ «በል ጨርሰው። እኔ የትም አልሄድም» አሉ።

«እማማ፣ ጊዜ ይፈጃል። ጄኔራሉ…»

«ይቀመጡ። ወንበር የለም እንዴ?»

ከሕዝቡ መሃል አንድ ሰው ሳቀ፤ ወዲያው ዝም አለ። ሻለቃው ሰዓቱን አውጥቶ ወደ ጄኔራሉ ጎንበስ ሲል አየሁት። ጄኔራሉ ኮፍያቸውን አወለቁ። አልተቀመጡም።

«ሻለቃ፣ ሰዓቱን ኪስህ ክተተው፣» አሉ።

ዞርኩ። አማቴ መዳፋቸውን ከመሮዬ አንድ ስንዝር አርቀው በድንጋዩ ላይ ዘረጉ። ከበሮም ጭብጨባም አልነበረም። እያንዳንዱ ምት ለብቻው ወጥቶ ከጣቢያው ግድግዳ ጋር ተጋጭቶ ይመለሳል። እጄ ተንቀጠቀጠ፤ የመጨረሻው ፊደል አንገቱ ትንሽ ዘመመ፣ እስከ ዛሬም ሄዶ ማየት ይቻላል። ግማሽ ሰዓት ፈጀ። ያን ግማሽ ሰዓት ለማንም ጨምሬበት አውርቼ አላውቅም።

ዱቄቱን እፍ ብዬ አራገፍኩላቸው። ከመጀመሪያው ጀምረው ሰባቱንም በጣታቸው ሄዱባቸው፤ አንድ ጊዜ፣ ደግመውም። አላለቀሱም። ጣታቸውን ግን አላነሱም፤ ክፍተቱን ተሻግረው ቀጥሎ ያለው ስም ላይ አረፉ። የማያውቁት ፊደል ነው። ዳበሱት፣ ግራ ተጋቡ።

«ይሄስ የማን ነው?» አሉኝ።

ስሙን ከነአባቱ ጮክ ብዬ አነበብኩላቸው። ከገመዱ ጀርባ፣ ከሕዝቡ መሃል፣ አንዲት ሴት፣ «የኔ ነው» አለች።